የሳፊያ የፊደል ሣጥን

ሳፊያ አብደላን ያወቅኋት በ1973 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ናዝሬት ውስጥ የቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት ሲከፈት ሁለታችንም በአንድ ቀን አስተማሪ ሆነን ተቀጠርን። ቤቱ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ቪላ ነበር። ሳሎኑ ለእሷ፣ ትልቁ መኝታ ቤት ለእኔ ደረሰን። በመካከላችን ያለው በር ተነቅሎ ስለተወሰደ እሷ ስታስተምር እኔ እሰማለሁ፣ እኔ ሳዘፍን እሷ ትሰማለች። ሰባ ሁለት ልጆች፣ ሁለት ጥቁር ሰሌዳና አንድ ካርቶን ጠመኔ ተሰጠን። ልጆቹ የሚቀመጡት ሰሌን ላይ ነበር።

እኔ የሺዓለም እባላለሁ። ሥዕል እወዳለሁ፤ ከዚያ ውጪ ስለ ራሴ ይህን ያህል የሚነገር የለኝም። ስለ ሳፊያ ግን አለኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ቀጠን ያለች፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ሰው ሲያወራ ዓይን ዓይኑን እያየች የምታዳምጥ ልጅ ነበረች። አባቷ ከወሎ መጥተው ናዝሬት የከተሙ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እሷ ስምንተኛ ክፍል እያለች ሞቱ። እናቷ እማማ ዙሀራ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም እየሸጡ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አደረሷት። ከዚያ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አዳሚ ቱሉ አጠገብ ባለ መንደር ስድስት ወር ገበሬዎችን ፊደል አስቆጥራለች። ማስተማር የያዛት እዚያ ነው።

ኅዳር ላይ ይመስለኛል፣ ክፍሏ ውስጥ አንድ ነገር ሆነ። ከሪማ የምትባል አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። «ሀ ሁ ሂ»ን ከነዜማው አንድም ሳትስት እስከ መጨረሻው ትወርደዋለች። ቀበሌው እንግዳ ሲያመጣ የምናቀርበው እሷን ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ሳፊያ ሰሌዳው ላይ «ሩ»ን ብቻዋን ጻፈችና «ከሪማ፣ ይህቺ ማን ናት?» አለቻት።

ልጅቷ በጣቷ አየሩን እየጠቆመች ከ«ሀ» ጀመረች።

«ከዚያ ሳይሆን ይህቺን ብቻ» አለቻት ሳፊያ።

ከሪማ እንደገና ከ«ሀ» ጀመረችና መሃል ላይ ስትደርስ እንባዋ መጣ። ሳፊያ አቅፋ አባብላት ሌሎቹን ጠየቀች። ከሠላሳ ስድስቱ ልጆች ፊደሏን ለይተው የነገሯት ሦስት ብቻ ነበሩ።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠን «የሺ፣ እኛ እኮ ዘፈን ነው ያስተማርናቸው» አለችኝ። «እኔም እንደዚሁ ነበርኩ። ዘጠና ልጅ ባለበት ክፍል ከኋላ ተቀምጬ፣ ፊደል የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ሦስተኛ ክፍል መምህሩ ከመሃል ሲጠይቁኝ ነው ጉዴ የወጣው። ገርፈውኛል፤ ግርፋቱን ረስቼዋለሁ፤ ልጆቹ የሳቁብኝን ግን አልረሳሁትም።»

በማግስቱ የሳሙና ካርቶን ይዛ መጣች። ፊቱን በምላጭ በመስኮት ቅርጽ ቆርጣዋለች። በጎንና በጎኑ ባወጣችው ስንጥቅ ረጅም ወረቀት አሳልፋ ስትስበው በመስኮቱ አንድ ፊደል ብቅ ይላል፤ እንደገና ስትስበው ያ ይሄድና ሌላ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን እንደፈለገች ቀላቅላዋለች። ልጆቹ ዘፈኑን ሊጀምሩ ሲሉ ያልጠበቁት ፊደል ይመጣባቸዋል። መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ እየተሽቀዳደሙ መናገር ጀመሩ። ካርቶኑ ግን አራት ቀን እንኳ አልቆየም፤ ተቀደደ።

ገበያው ጀርባ ጋሪ የሚሠሩ ጋሽ መርዳሳ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከአርሲ የመጡ ናቸው። ከተማው ውስጥ ፈረስ ከሚጎትተው ጋሪ ግማሹን የሠሩት እሳቸው ናቸው ይባል ነበር። ሳፊያ አንድ ከሰዓት ይዛኝ ሄደች።

«ጋሽ መርዳሳ፣ አካም ኦልተን?» ብላ ሰላምታ ሰጠቻቸው። «በአንድ ሣጥን ውስጥ ሁለት ዘንግ እንዲዞርልኝ እፈልጋለሁ።»

«ምን ሊጭን?» አሉ።

«ፊደል።»

ጋሽ መርዳሳ መጋዛቸውን አስቀምጠው አዩን። የተቀደደውን ካርቶን ከፌስታሏ አውጥታ አሳየቻቸው። ተቀብለው አገላበጡት። ወረቀቱን ራሳቸው ሳቡትና «ወረቀት አይሆንም፤ ጨርቅ አድርጊው። ዘንጉን ለእኔ ተዪው» አሏት።

በሳምንቱ ከኮምፔንሳቶ ጣውላ የተሠራ፣ ሁለት የእንጨት ዘንግ ያለው፣ በጎኑ ከፌሮ ብረት የታጠፈ እጀታ የወጣለት ሣጥን ሠርተው ጠበቁን። ሳፊያ አቡጀዲ ገዝታ በሩዝ ውኃ አጠነከረችው፤ ፊደሉንና ሥዕሉን እኔ በዘይት ቀለም ሠራሁ። ለ«ሎ» ሎሚ፣ ለ«ፈ» ፈረስ፣ ለ«ጠ» ጠረጴዛ። እጀታው ሲዞር አቡጀዲው ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው ይጠቀለላል፤ በመስኮቱ ፊደሉ ብቻውን ይመጣል፤ ትንሽ ሲዞር ሥዕሉ ይከተላል። ልጆቹ «ሲኒማ» አሉት። በሁለተኛው ወር ከሪማ «ሩ»ን ከየትኛውም ቦታ ታወጣት ነበር።

ወሬው ወደ ሌሎች ቀበሌዎች ሄደ። ሁለት መዋዕለ ሕፃናት ይሠራልን አሉ። ሣጥኑ ከቀበሌያችን ከመውጣቱ በፊት ግን የትምህርት ኮሚቴው ማየት ነበረበት። አዳራሹ ውስጥ አምስት ሰዎች ተቀምጠው እኔና ሳፊያ ቆመን እጀታውን አዞርን። «ጠ» በመስኮቱ ስትመጣ ከኮሚቴው አንዱ፣ የፖለቲካ ኃላፊው፣ እጁን አነሣ።

«ለምን ጠረጴዛ? ጠመንጃ እያለ?»

ሳፊያ እጀታውን ለቀቀችው።

«አገሪቱ ጦርነት ላይ ናት» አለ። «ልጆቻችን እናት አገራቸው የምትጠበቅበትን መሣሪያ ከአሁኑ ሊያውቁ ይገባል።»

እኔ ወለሉን አየሁ። ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ነኝ፤ እሺ ብዬ ልለውጠው ልቤ ተነሥቶ ነበር። ሳፊያ ግን ድምፅዋን ሳታነሣ «ጓድ፣ ጠመንጃን ያውቁታል» አለችው። «በየጠዋቱ ሲመጡ ጥበቃው ይዞት በር ላይ ቆሞ ያዩታል። የማያውቁት ጠረጴዛን ነው። እኛ ክፍል አንድም የለም፤ የብዙዎቹም ቤት የለም።»

የሴቶች ማኅበር ተወካይዋ ወይዘሮ አየለች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳል አሉ። የፖለቲካ ኃላፊው ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጽፎ «ሂዱ፣ እንጠራችኋለን» አለን። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሳፊያም እንዳልተኛች ኋላ ነው የነገረችኝ። በመጨረሻ የፈቃዱ ወረቀት ማኅተም ተመትቶበት መጣ፤ ለ«መ» በመርፌ ፈንታ መዶሻ ይሣል የሚል አንድ ማሻሻያ ብቻ ነበረበት። መዶሻውን ሣልኩ። ጠረጴዛው እንዳለ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ወንጂ የሄድነው። የሸንኮራ ቆራጮቹ ልጆች የሚውሉበት መዋዕለ ሕፃናት አንድ ሣጥን አዝዞ ነበር። ፈረሱ በመስኮቱ ሲመጣ ከልጆቹ ግማሹ «ፈርዳ» ብለው ጮኹ። አስተማሪያቸው «ፈረስ ነው የሚባለው» ብላ ልታርም ስትል ሳፊያ እጇን ያዘቻት። «‹ፈ› እኮ ነው ያሉት። ተያቸው» አለቻት። ስንመለስ ቀጥታ ወደ ጋሽ መርዳሳ ሄደች። ሁለቱ ጋሪው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአማርኛም በኦሮምኛም በአንድ ድምፅ የሚጀምር ነገር ሲፈልጉ አመሹ። ሎሚ፣ ቡና፣ በቆሎ፣ ወንበር አሉ። ጋሽ መርዳሳ እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። በሚቀጥለው አቡጀዲ ላይ ከዚያ ዝርዝር የቻልኩትን ያህል ሣልኩ።

በ1975 ክረምት ሳፊያ ሥራዋን ለቅቃ በወይዘሮ አየለች ድጋፍ የሴቶች የማስተማሪያ ዕቃ አምራች ማኅበር ልታቋቁም ወሰነች። እኔንም ጠየቀችኝ። ለመወሰን ሁለት ወር ፈጀብኝ። የእሷ ከባዱ ፈተና ግን እናቷ ነበሩ። እማማ ዙሀራ በርበሬ እየለቀሙ ሳለ ነው የነገረቻቸው፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

«የመንግሥት ሥራ ትተሽ ሣጥን ልትሸጪ?» አሏት።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ለማን?»

«ለልጆች።»

«ልጅ ምን ይገዛል?»

እማማ ዙሀራ በርበሬውን እየለቀሙ ብዙ ቆዩ። አዘኑ መሰለኝ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና «ነይ እስቲ፣ ይህን አንሺልኝ» ብለው ተጣሩ። በጨርቅ ተሸፍኖ አሥር ዓመት የተቀመጠውን የአባቷን የልብስ ስፌት መኪና ነበር የገለጡት። «አቡጀዲውን በእጅ እየጠቀምሽ ዓይንሽ ከሚጠፋ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

ሰባት ሴቶች ሆነን ከቀበሌው በተሰጠን አሮጌ መጋዘን ሥራ ጀመርን። ጋሽ መርዳሳ እንጨቱን፣ ሳፊያ ስፌቱንና ሰው ማነጋገሩን፣ እኔ ሥዕሉን ያዝን፤ የቀሩት ቀለም ይቀባሉ፣ ያሽጋሉ። ለሞጆ፣ ለመቂ፣ ለዝዋይ ላክን። ሣጥኑን የሚጭንልን ሽኩር የሚባል የአሰላ ሰው፣ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ዝም ያለ ሰው ነው፤ ሣጥኖቹን ከሌላው ጭነት ለይቶ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ያስቀምጣል። ሳፊያ ይህን እንዳየች ያወቅሁት ብዙ ቆይቶ ነው።

በ1977 ከአዋሽ ወዲያ ካለ አንድ የመንግሥት እርሻ ትልቅ ትዕዛዝ መጣ፤ ስሙን ባልጠራው ይሻላል። የሠራተኞቹ መንደሮች ተበታትነው ስለነበር አሥራ ሁለት ሣጥን ነበር የጠየቁት። ሦስት ወር ሠርተን ላክን። ስምንት ወር አለፈ፤ አንድም ቅሬታ አልመጣም። ማኅበራችን ውስጥ ሁሉም ደስ አለው። ጋሽ መርዳሳ «አየሽ፣ አንዱ እንኳ አልተሰበረም» እያሉ ይኮሩ ነበር። ሳፊያ ብቻ አልተዋጠላትም።

«የሺ፣ አርባ ልጅ ስምንት ወር ያዞረው እጀታ እንዴት አይሰበርም?» አለችኝ። «ሄጄ ማየት አለብኝ።»

ሽኩር ወደዚያ ሲሄድ ሁለታችንም ተሳፈርን። የደረስነው ረፋዱ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ይከብዳል። መዋዕለ ሕፃናቱ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ክፍል ነው። አስተማሪዋ ፀሐይቱ የምትባል ገና ወጣት ሴት ነበረች። አርባ ሁለት ልጆች ተቀምጠው «ሀ ሁ ሂ» ይዘፍናሉ። ሳፊያ በሩ ላይ ቆማ ዘፈኑ እስኪያልቅ አዳመጠች።

«ሣጥኑስ?» አለቻት ከሰላምታ በኋላ።

ፀሐይቱ ፊቷ ተለወጠ። «አለ» አለች። «በደንብ ነው የተቀመጠው።»

ጥጉ ላይ የብረት ቁም ሣጥን ነበር፤ ቁልፉ የእርሻው ንብረት ክፍል ዘንድ ነው። ፀሐይቱ ልካ አስጠራች። አቶ ሰብስቤ የሚባሉ፣ ደረት ኪሳቸው ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሰኩ ሰው ቁልፉን ይዘው መጡ። ሲከፍቱት ሣጥናችን እኛ በጠቀለልንበት ላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው። ላስቲኩ ላይ አቧራ ተኝቷል። የቀሩት አሥራ አንዱም በየመንደሩ እንዲሁ መሆናቸውን ነገሩን። እየተጨነቁ አልነበረም፤ እንዲያውም ጥሩ ሥራ የሠራ ሰው ፊት ነበራቸው።

«አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተጫረም» አሉ አቶ ሰብስቤ።

ሳፊያ ፀሐይቱን «ለምን አላወጣሽውም?» ብላ በቀስታ ጠየቀቻት።

«ፈርሜበታለሁ» አለች ፀሐይቱ። «ከተሰበረ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ልጆቹ ደግሞ ልጆች ናቸው።»

«በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ገቢ የሆነ ቋሚ ዕቃ ነው» አሉ አቶ ሰብስቤ። «ከእኔ በፊት የነበረው ሰው በአንድ የውኃ ፓምፕ ምክንያት ሰባት ወር ታስሯል። ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ አይቻለሁ። እኔም ልጆች አሉኝ፣ እኅቴ።»

ይህን ያሉት ሊያስፈራሩ አልነበረም። ሳፊያም ገባት። ላስቲኩን ፈትታ ሣጥኑን ልጆቹ ፊት አስቀመጠችው። እጀታውን ያዘች። ወደፊት ሁለት ጊዜ አዞረችው፤ ልጆቹ ጮኹ። ከዚያ ወደ ኋላ በኃይል ጠመዘዘችው። አቡጀዲው ተጨራመተ፣ ከዚያ ትርርር ብሎ ተቀደደ፤ አንደኛው ዘንግ ከቦታው ወጣና ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

በዚያ አቡጀዲ ላይ አሥራ አንድ ቀን ሥዬበታለሁ።

«ምን ማድረግሽ ነው?» አሉ አቶ ሰብስቤ። «የመንግሥት ንብረት ነው እኮ።»

«ተሰበረ» አለች ሳፊያ። «የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ የፈለጉበት ቦታ ልፈርም። አሁን ይዩኝ።»

ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣች። ልጆቹ መሃል ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ የተቀደደውን ሰፋችው፤ ዘንጉን መልሳ ከተተች፤ እጀታውን አዞረችው። «ፈ» በመስኮቱ መጣ፤ መሃሉ ላይ የስፌት ጠባሳ አለበት። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ ዘንጉን እንደገና አወጣችና «አሁን አንቺ» አለቻት ፀሐይቱን። ፀሐይቱ ከተተችው። ሦስተኛውን ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ከተተው። ልጁ ሲጨርስ ዞር ብሎ አቶ ሰብስቤን አያቸው፤ እሳቸው ግን የሚያዩት ሣጥኑን ነበር።

«ጠመኔ ስታወጡ እንዴት ነው የምትመዘግቡት?» አለቻቸው ሳፊያ።

«ጠመኔ አላቂ ዕቃ ነው። ወጣ ይባላል፣ ያልቃል፣ አለቀ።»

«ይኼንንም እንደ ጠመኔ ይመዝግቡት።»

አቶ ሰብስቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ኮምፔንሳቶ እንዴት አላቂ ይሆናል?» አሉ። ነገር ግን የጠየቁት ራሳቸውን ይመስል ነበር። ከዚያ «እናንተ ስታስረክቡን ደብዳቤው ላይ ‹አላቂ የማስተማሪያ ዕቃ› ብላችሁ ብትጽፉ እኔ የተጻፈውን ነው የምመዘግበው» አሉ። ሳፊያ እዚያው ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ በእጇ ጻፈችው። ማኅተማችን አብሮን ስላልነበረ ሽኩር ማኅተም የተመታበትን ደብዳቤ በሦስተኛው ቀን አድርሶላቸዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከማኅበራችን የወጣ ሣጥን ሁሉ በዚያ ስም ነው የወጣው።

በመመለሻችን መንገድ ላይ ሳፊያ አለቀሰች። እኔ የደስታ መስሎኝ ነበር። «ስምንት ወር፣ የሺ» አለችኝ። «አሥራ ሁለት ክፍል ሙሉ ልጅ። እኔ እዚህ ስንት ሠራን እያልኩ ነበር።» ሽኩር መኪናውን ዳር አቁሞ ወርዶ ጎማ የሚያይ መሰለ፤ እሷ ዓይኗን እስክትጠርግ ቆየ።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። ናዝሬት እንደደረስን ጋሽ መርዳሳ ዘንድ ሄዳ «ሣጥኑን በቀላሉ የሚፈታ ያድርጉልኝ፤ ምስማርም ኮላም አይኑረው፤ ልጅ አፍርሶ ልጅ የሚገጥመው ይሁን» አለቻቸው።

ጋሽ መርዳሳ በጣም ተቀየሙ። «እኔ ጋሪ ስሠራ ሰው ነፍሱን አምኖ ነው የሚሳፈርበት» አሏት። «አርባ ዓመት ሙሉ የማይፈርስ ነገር ስሠራ ኖሬ አሁን የሚፈርስ ሥራ ትይኛለሽ?»

«ጋሽ መርዳሳ፣ የማይፈርሰውን ፈርተው ቆለፉበት።»

«ፈሪ እነሱ፤ የሚፈርሰው የእኔ ሥራ?»

ዐሥር ቀን መጋዘኑ አልመጡም። ሳፊያ ልመና አልላከችም፤ ግን ጠዋት ጠዋት በጋሪ ቤታቸው በኩል ዞራ፣ ከደጅ ሰላም ብላ ትመጣ ነበር። በዐሥራ አንደኛው ቀን ጋሽ መርዳሳ አንድ ጆንያ ተሸክመው ገቡ። ጆንያውን ወለሉ ላይ ሲዘረግፉት አሥራ አራት የእንጨት ቁርጥራጭ ወጣ። ምስማር የለ፣ ኮላ የለ። ምንም ሳይናገሩ አንዱን በአንዱ ውስጥ እየሰኩ ገጠሙት፤ ሣጥን ሆነ። «ጋሪም ሲታደስ መጀመሪያ ይፈታል» አሉ። ይቅርታ መሆኑ ነበር፤ ሳፊያም እንደ ይቅርታ ተቀበለችው። የዚያ ዓመት ልጆች ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ሣጥኑን ራሳቸው መግጠም ተማሩ፤ አስተማሪዎቹም መፍራት ተዉ። ሳፊያ ከዚያ ወዲህ ሣጥን ብቻውን አልላከችም። በደረሰበት ቦታ ሁሉ ሄዳ አንድ ቀን ትቀመጣለች፤ አስተማሪዋ ፊት ትሰብረዋለች፤ ታድሰዋለች።

በ1979 ሽኩር ሽማግሌ ላከ። እማማ ዙሀራ ደስ አላቸው፤ የእሱ ቤተሰቦች ግን ልጅቱ አሰላ መጥታ ትኑር አሉ። ሳፊያ እሱን ራሱን ጠርታ «እኔ ከናዝሬት አልወጣም፤ መጋዘኑም እዚህ ነው፤ ከፈለግህ አንተ ና» አለችው። እሱም መጣ። ሠርጉ ትንሽ ነበር፤ ጋሽ መርዳሳ በአባቷ ቦታ ተቀመጡ።

ማኅበሩ ዐሥራ አንድ ሴቶች እስኪደርስ አደገ፤ ሣጥኖቻችን ሻሸመኔ ድረስ ሄዱ። በ1982 መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ የግል ሥራ ሲፈቅድ ማኅበሩ ተሰብስቦ ለመለያየት ወሰነ። አንዳንዶቹ ወደ ንግድ፣ አንዳንዶቹ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጋሽ መርዳሳ ዓይናቸው ደክሞ ሥራ ትተው ነበር። ሳፊያ ግን በሚቀጥለው ጥቅምት በስሟ ፈቃድ ልታወጣ ሄደች፤ እኔና ሽኩር አብረናት ነበርን።

ጸሐፊው ቅጹን አውጥቶ «የሥራ ዘርፍ?» አላት።

«የልጆች ማስተማሪያ ዕቃ።»

ዝርዝሩን በጣቱ ተከትሎ ፈለገ። «እንጨት ሥራ አለ። ልብስ ስፌት አለ። የግል ትምህርት ቤት አይፈቀድም።»

«ትምህርት ቤት አይደለም።»

«ሥዕል ነው?»

«ሥዕልም አለበት።»

«ታዲያ አንቺ ምንድን ነሽ?»

ሳፊያ «ቅድም ያልከው ሁሉ ነኝ፣ ልጄ» አለችው። ልጁ ሳቀና የሆነ ነገር ጽፎ ማኅተም መታበት። ውጪ ወጥተን ስናነብ «ልዩ ልዩ» ይላል። ሽኩር ደጋግሞ አነበበው፤ በወጉ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሳፊያ ወረቀቱን ተቀብላ በጥንቃቄ አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መቂ ያሉ ሁለት አስተማሪዎች ከምሳ በፊት እየጠበቋት ስለነበር ሰዓቷን አይታ «በሉ፣ እንሂድ» አለችን።